የናፍቆት ዕዳ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ትውልድ የሚናፍቀው ሜዳ አለ። ድራይቭ ኢን ይሉታል፤ ተመልካቹ ከነቤተሰቡ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከፊቱ በቆመ ግዙፍ ነጭ ሸራ ወይም ግድግዳ ላይ ፊልም የሚያይበት የምሽት ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ በመላ አገሪቱ 4,000 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት 300 ያህል ናቸው። ያን ዘመን የኖሩ ሰዎች ትዝታቸውን ሲያወጉ የሚያነሡት ነገር ይመሳሰላል፦ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቁን፣ ከግድግዳው ሥር በተበጀው መጫወቻ የሚሯሯጡትን ልጆች፣ ገና ከቤት የመኝታ ልብስ ተደርጎላቸው የመጡትን ሕፃናት፣ በመስኮቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ድምፅ ማጉያ፣ የፈንዲሻውን ሽታ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ከኋላ ወንበር ላይ የሚጥለውን እንቅልፍ ያወሳሉ። ስለ ፊልሙ ግን እምብዛም አያወሩም። ሲኒማን እየናፈቁ ፊልሙን መርሳት ምን ማለት ነው? ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከአንድ አገር መዝናኛ ያልፋል። ያለፈውን መናፈቅ መልካሙን የማወቂያ መንገድ ነው ወይስ ራስን የመሸንገያ? እኔ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ናፍቆት ስላለፈው ዘመን ሲመሰክር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ስለ መልካም ነገር ሲመሰክር ግን ሊታመን ይችላል፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምንለየውም ዛሬ ለሌላው ሰው ምን እንድናደርግ እንደሚያስገድደን በማየት ነው።

የነገሩን አጀማመር ማየት ይጠቅማል። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ በኒው ጀርሲ ግዛት በአባቱ የመኪና ዕቃዎች ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። እንደሚተረከው እናቱ የሲኒማ ቤት ወንበር አልመች ስላላቸው መላ ይፈልግላቸው ጀመር፤ በግቢው ዛፎች መካከል አንሶላ ወጥሮ፣ የፊልም ማሳያውን መኪናው ላይ አስቀምጦ ሞከረ። ያስቸገረው የፊተኛው መኪና የኋለኛውን መጋረዱ ነበር። መሬቱን በእርከን ሠርቶ፣ የፊት ጎማዎች ከፍ ብለው የሚያርፉበትን ድልድል አበጅቶ ችግሩን ፈታው፤ በ1933 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘውም በዚህ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 6 ቀን በካምደን ከተማ አጠገብ የመጀመሪያውን ሜዳ ከፈተ። ክፍያው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ሰው 25 ሳንቲም ሲሆን፣ የቱንም ያህል ሰው ቢጫን ግን ከ1 ዶላር አይበልጥም ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ልጅ ለበዛበት ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ማስታወቂያውም ልጆቹ ቢንጫጩ እንኳ ቤተሰቡ በሙሉ መምጣት እንደሚችል ይናገር ነበር። በሲኒማነቱ ከታየ ግን ሜዳው ከከተማው አዳራሽ ያነሰ ነበር። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሚወጣው ከግድግዳው አጠገብ ከተተከሉ ትልልቅ ማጉያዎች ስለነበረ የኋለኛው ረድፍ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጎረቤትም በጩኸቱ ይማረራል። ለየመኪናው የራሱ ድምፅ ማጉያ የመጣው በ1940ዎቹ ነው። ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ዝናብ ይመጣል፤ በረጅሙ የበጋ ቀን ፊልሙ የሚጀመረው ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ሆሊንግስሄድ የፊልሙን ጥራት አላሻሻለም፤ የሚገባበትን ደጃፍ አሰፋው። ሕፃን ያቀፈችው እናት፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አዛውንት፣ ከሥራ ልብሱ ጋር የመጣው ሠራተኛ፣ በሰው ፊት መቀመጥ የሚከብደው በሽተኛ ከሌላው እኩል ተመልካች ሆኑ።

በናፍቆት ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መጽሐፈ መክብብ በሰባተኛው ምዕራፉ፣ የቀድሞው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንደማይመነጭ ያስጠነቅቃል። ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ ይህንኑ በታሪክ ያሳየናል። ከባርነት ወጥተው በምድረ በዳ የሚጓዙት እስራኤላውያን መናው ሲሰለቻቸው የግብፅን ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት እያነሡ አለቀሱ፤ ዓሣውን ያለ ዋጋ እንበላው ነበር እስከ ማለትም ደረሱ። የከፈሉት ዋጋ ጀርባቸውና ልጆቻቸው እንደነበሩ ናፍቆቱ ሰወረባቸው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንትም በ1798 ባሳተመው የሰውን ጠባይ በሚመረምር መጽሐፉ፣ በአገር ናፍቆት ስለሚታመሙ ስዊዘርላንዳውያን ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሰቡትን አያገኙም፤ ቅር ይላቸዋል፤ ከናፍቆታቸውም በዚያው ይፈወሳሉ። ካንት እንደሚለው ሲናፍቁት የኖሩት ወጣትነታቸውን ነበርና፣ እርሱን ደግሞ ምንም መንገድ አይመልሰውም። በዚህ ሚዛን ሜዳውን የሚናፍቅ አሜሪካዊ የሚናፍቀው የሰባት ዓመት ልጅ መሆኑን ነው፤ ሜዳው የስሜቱ ማሳበቢያ እንጂ ምክንያቱ አይደለም ማለት ነው።

ተቃዋሚው ከታሪክም ማስረጃ አያጣም። የድራይቭ ኢን ወርቃማ ዘመን የሚባለው ወቅት በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የዘር መድልዎ ሕግ የሠፈነበት ወቅት ነው። በዚያ ብዙዎቹ ሜዳዎች ጥቁሮችን ፈጽሞ አያስገቡም፤ ሌሎቹም በተለየ ስፍራ ያቆሟቸው ነበር። ነጩ ቤተሰብ መኪናውን የነጻነቱ ምልክት አድርጎ ሲያይ፣ ጥቁሩ ቤተሰብ ሳይዋረድና ሳይጠቃ የሚያድርበትንና የሚመገብበትን ቤት የሚጠቁም መጽሐፍ ይዞ ይጓዝ ነበር፤ የሃርለሙ ፖስተኛ ቪክተር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረው መመሪያ ለዚህ ምስክር ነው። የመዝናኛ ስፍራዎች ሰውን በዘሩ እንዳይመልሱ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። የሜዳው የኋላ ታሪክም ቢሆን እንደሚተረከው ንጹሕ የቤተሰብ መዝናኛ ሆኖ አልዘለቀም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙ ባለቤቶች ወደ ርካሽ የአስፈሪና የወሲብ ፊልሞች ዞሩ። የጃክሰንቪል ከተማ ከመንገድ በሚታይ የድራይቭ ኢን ግድግዳ ላይ እርቃን እንዳይታይ ያወጣው ደንብ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975 ተሽሯል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ዘመን ደግ ነበር የሚለውን ወሬ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ይህን ተቃውሞ ስላለፈው ዘመን በሚናገረው ሁሉ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ምስክርነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሟቹን ሲያወድስ ጉድለቱን ይተዋል፤ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ከለቅሶ ቤት ውዳሴ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። ሆኖም ያው ውዳሴ አንድ እውነት በትክክል ይነግረናል፤ አልቃሾቹ የሚያከብሩት ምን ዓይነት ሰውነት እንደሆነ ከእርሱ እንረዳለን። ናፍቆትም እንዲሁ ነው። ከብዙው ነገር ጥቂቱን ይመርጣል፣ ሌላውን ይጥላል፤ ታሪክን የሚያዛባው ይኸው ምርጫው ነው፣ ልብ መልካም የሚለውን የሚገልጠውም ይኸው ምርጫው ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው አሥረኛ መጽሐፍ የማስታወስን ኃይል ሲመረምር፣ ሰው ያለፈ ሐዘኑን እየተደሰተ፣ ያለፈ ደስታውንም እያዘነ ሊያስታውስ መቻሉ ያስደንቀዋል። ከዚያም አልፎ፣ ሰዎች ሁሉ ደስተኛውን ሕይወት የሚፈልጉት በሆነ መንገድ ቢያውቁት አይደለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ፈጽሞ ያላወቁትን ነገር እንዴት ይሹታል? ይህ ሐሳብ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በናፍቆት ውስጥ ያለው ሕመም አንድ ጊዜ የቀመስነው መልካም ነገር በውስጣችን ያስቀረው እውቀት ነው። የቀመስንበት ዕለትና ስፍራ በአእምሯችን ተጋንኖ ወይም ተቆርጦ ሊቀር ይችላል፤ ጣዕሙን ግን አልፈጠርነውም።

ታዲያ ከድራይቭ ኢን ትዝታ ውስጥ የተመረጠው መልካም ነገር ምንድን ነው? ካንት ልጅነት ነው ይለናል። ይሁን፤ ግን ልጅነት ራሱ ለምን ይናፈቃል? ከኋላ ወንበር የተኛው ልጅ የሚያስታውሰው ተሸክመውት ወደ ቤት መግባታቸውን ነው፤ ሳይጠይቅ የሚጠበቅበት፣ ሳይሠራ የሚመገብበት፣ ሳይፈራ ዓይኑን የሚጨፍንበት ሁኔታ ነው። ይህ ከዕድሜ ጋር የሚያልፍ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ የእምነት ሰዎች ሰው በፈጣሪው ፊት ያለውን መተማመን በልጅና በወላጅ አምሳል ባልገለጹት ነበር። ከዚህ ሌላ፣ የካንትን ማብራሪያ የሚፈትን አንድ የቅርብ ዘመን ማስረጃ አለ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የሲኒማ አዳራሾችን ሲዘጋ የቀሩት ሜዳዎች በሰው ተሞሉ፤ ዋልማርት የተባለው የመደብሮች ኩባንያ 160 የመኪና ማቆሚያዎቹን ለተወሰኑ ወራት ወደ ድራይቭ ኢንነት ለወጠ። ከመጡት መካከል ብዙዎቹ በ1950ዎቹ ያልተወለዱ፣ የሚያስታውሱት ሜዳ የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። በእርግጥ ሌላ አማራጭ ማጣታቸው ገፍቷቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ፊልሙን ቤታቸው ተቀምጠው ማየት ይችሉ ነበር። ከቤት ያወጣቸው ፊልሙ ስላልነበረ፣ ቤታቸው የማያገኙት ነገር ነበር ብሎ መደምደም ተገቢ ነው፤ ይኸውም የራስን ቤተሰብ ይዞ፣ ከማያውቁት ሕዝብ ጋር፣ በአንድ ሰማይ ሥር አንድን ነገር መመልከት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይነሣል፦ መስኮቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ከማን ጋር ሆነ ይባላል? በብረት ሣጥን ተለያይቶ በአንድ አቅጣጫ መመልከት ኅብረት ነውን? ጥያቄው በሃይማኖት መንገድ ጭምር ተፈትኗል። በ1955 ሮበርት ሹለር የተባለ ወጣት የፕሮቴስታንት ሰባኪ ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ አዳራሽ ቢያጣ የኦሬንጅ ድራይቭ ኢንን ለእሑድ ጠዋት ተከራየ፤ ከመክሰስ መሸጫው ጣሪያ ላይ ቆሞም በመኪኖቻቸው ለተቀመጡ ሰዎች ሰበከ። ብዙዎች ነገሩን የቅድስና መቃለል አድርገው ነቀፉት። ነገር ግን በዚያ ሜዳ፣ የሚለብሰው የሌለው፣ ሰውነቱ የማይታዘዝለት፣ ሐዘኑን ሰው እንዲያይበት የማይፈልግ፣ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ቆይቶ መመለሱን የሚያፍር ሰው ሳይመረመር መምጣት ቻለ። ይህ እውነተኛ ጸጋ ነው፤ መጠጊያ ሰጥቶ መሰብሰብ ይባላል። ድክመቱም እውነተኛ ነው። ሹለር ራሱ በሜዳው አልቀረም፤ በ1961 አርክቴክቱ ሪቻርድ ኖይትራ በነደፈው ሕንፃ ውስጥ ገብተው የሚቀመጡትም ከውጭ መኪናቸው ውስጥ ያሉትም አብረው የሚሳተፉበትን ቤት ሠራ፤ በ1980 ደግሞ ታላቁን የመስተዋት ካቴድራል አስመረቀ። በአንጻሩ በ2020 የፋሲካ ሰሞን በሉዊቪል ከተማ በወረርሽኙ ምክንያት የመኪና ውስጥ አምልኮ መከልከሉ ክርክር አስነሥቶ አንድ የፌዴራል ዳኛ እገዳውን በፋሲካ ዋዜማ ሲያነሣ፣ ሰዎች ለዚያ መኪና ማቆሚያ ሜዳ እስከ ፍርድ ቤት መሄዳቸው ኅብረቱን ከምንም እንዳልቆጠሩት ያሳያል። ይሁን እንጂ ሥጋውና ደሙ በመስኮት በኩል እንደማይበቃ፣ ለቅሶም ሠርግም በመስተዋት ጀርባ እንደማይሞላ ማንኛውም ምእመን ያውቃል። ስለዚህ ሜዳው የኅብረት ደጃፍ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ደጃፍ መሆኑ ግን አያሳንሰውም፤ ብዙ ሰው ከኅብረት የሚቀረው ደጃፉ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ከባዱ ፈተና እንመለስ፤ ከሜዳው የተመለሰው ጥቁር ቤተሰብ የዚያን ዘመን ናፍቆት ሲሰማ ምን ይበል? መልሱ ያለው ናፍቆትን በመተው ውስጥ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በመከተል ውስጥ ይመስለኛል። የመጽሐፍ ቅዱሱን ግብፅ እናስብ። በዘኍልቍ ሕዝቡ ግብፅን አስታውሶ አለቀሰ። በዘዳግም 24ኛ ምዕራፍ ያው ሕዝብ ያችኑ ግብፅ እንዲያስታውስ ታዘዘ፤ የዚህኛው ማስታወስ ፍሬ ግን ሌላ ነው። በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ እየተባለ፣ የመጻተኛውንና የድሀ አደጉን ፍርድ እንዳያጣምም፣ በእርሻው የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፣ የወይራውንና የወይኑን ቃርሚያ ለመበለቲቱና ለመጻተኛው እንዲተው ተነገረው። ስፍራው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ የሚያስታውሰውም ሕዝብ አንድ ነው። የመጀመሪያው ትዝታ ሆዱን አስታውሶ ያጣውን ቆጠረ፤ ሁለተኛው የመጻተኛውን ኑሮ አስታውሶ የሚሰጠውን ቆጠረ። እኛም አገር ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። የሞተውን ወዳጅ ማስታወስ እንባ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ተዝካር ይወጣለታል፤ ድኻ ይበላል፤ የሟቹ ስም ከሰጪው እጅ ወደ ተራበው አፍ ያልፋል። ትዝታ ሥራ ካልወለደ እንዳልተፈጸመ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በዚህ መለኪያ፣ ድራይቭ ኢንን የሚናፍቅ ሰው የቀመሰው መልካም ነገር ደጃፉ የሰፋ መሆኑ ከሆነ፣ ያ ደጃፍ ለጎረቤቱ ተዘግቶ እንደነበር ሲያውቅ ናፍቆቱ ራሱ ይወቅሰዋል። ወቀሳው ከውጭ የተጫነ አይደለም፤ ከመልካሙ ነገር ከራሱ ይወጣል። እንግዳ ተቀባይነትን ወድጄዋለሁ የሚል ሰው፣ ሌላው ሳይቀበሉት የቀረበትን ቀን እንደ ራሱ ጉድለት ሊቆጥረው ግድ ነው።

አንድ ሰው፣ ይህ ናፍቆትን ግዴታ አድርጎ ጣፋጭነቱን ያጠፋዋል ሊል ይችላል፤ የሽማግሌዎች ደስታ በትዝታቸው መቀመጥ ብቻ ቢሆን ምን ይጎዳል? ጉዳቱ ትዝታው ግማሽ ሆኖ መቅረቱ ነው። ልጁ በኋላ ወንበር ሲተኛ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸው ቀኑን ሲሠሩ ውለው ነድተዋል፤ አንዳቸው የሚያለቅሰውን ሕፃን ሲያባብሉ የፊልሙ መጨረሻ አምልጧቸዋል፤ ያቺን አንድ ዶላር ከወር ወጪያቸው ያወጧት እነርሱ ናቸው። ስጦታውን የሚያስታውስ ሰጪውን የዘነጋ ናፍቆት ስለዚያ ምሽት እውነቱን ጨርሶ አልተናገረም። ሰጪውን ያየ ሰው ደግሞ ሐዘኑ ወደ ምስጋና ይለወጣል፤ ምስጋናም ከናፍቆት የሚጣፍጥ እንጂ የሚመር ነገር አይደለም። አመስጋኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕዳውን ለአበዳሪው መመለስ አይችልም፤ ወላጆቹ አልፈዋል። የሚከፍለው ከኋላው ለሚመጣው ነው። ትውልድ ከትውልድ ጋር የሚያያዘውም በዚህ ወደፊት በሚከፈል ዕዳ ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ ሜዳዎቹን እንደነበሩ መልሶ ማቋቋም የናፍቆቱ እውነተኛ ጥሪ አይመስለኝም። ያጠፏቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም በማንም ክፋት የመጡ አይደሉም። ከተሞች ሰፍተው የሜዳዎቹ መሬት ለመኖሪያና ለገበያ ማዕከል ተፈለገ፤ በ1966 የወጣው ሕግ በሞቃታማዎቹ ወራት ሰዓትን ወደፊት ማዞርን በአብዛኛው አገሪቱ ወጥ ሲያደርግ ጨለማ አንድ ሰዓት ዘገየ፤ የ1970ዎቹ የነዳጅ እጥረት መጣ፤ መኪኖች አነሱ፤ የቤት ውስጥ ቪዲዮ ተስፋፋ፤ በኋላም የፊልም ኩባንያዎች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ባለሜዳው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ አዲስ የፊልም ማሳያ ግዛ ተባለ። ከ1934 ጀምሮ በፔንሲልቬንያ የሚሠራው የሻንክዋይለር ድራይቭ ኢን እስከ ዛሬ መዝለቁ የሚያስመሰግን ነው፤ እንዲህ ያሉትን መጠበቅም መልካም ነው። ነገር ግን ቅርፁን አድኖ መልካሙን ነገር መጣል ይቻላል፤ ቅርፁ ጠፍቶም መልካሙ ነገር ሊድን ይችላል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የቲያትር ቤት አስተዳዳሪ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የዕድር ዳኛ፣ ማንኛውም ሰው የሚሰበሰብበትን ቤት ቁልፍ የያዘ ሁሉ ከዚህ የሩቅ አገር ታሪክ የሚወስደው ጥያቄ አለ። የሚያለቅስ ሕፃን ያቀፈች እናት እዚህ ስትገባ ማን ይገላምጣታል? ደረጃው የሚያግደው ማንን ነው? ልብሱን አይቶ ከበር የሚመለስ ማን ነው? ከፍሎ መግባት ያቃተው ቤተሰብስ?

ናፍቆትን መፍራት የለብንም፤ አምነን ዝም ብለን መከተልም አይገባንም። ስለ ዘመኑ ሲናገር በታሪክ እንፈትነው፤ የተገፉትን ጠርተን የእነርሱንም ምስክርነት ከጎኑ እናስቀምጥ። ስለ መልካሙ ሲናገር ግን እንስማው፤ በክርክር ብዛት የማይገኝ እውቀት ይዟልና። መክብብ የከለከለው ጥያቄ የቀድሞው ዘመን ለምን ተሻለ የሚለው ነው። የተፈቀደልን፣ እንዲያውም የታዘዝንበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያኔ የተሰጠኝን መልካም ነገር ዛሬ ከማን ከልክዬዋለሁ? ለዚህ መልስ ፈልጎ በእጁ የሠራ ሰው ናፍቆቱ አላታለለውም።